ሦስት መቶ ማጭድ

ሰው ዝም ማለት እየቻለ ምን እንደሚያናግረው እንጃ! አገኘሁ ፈንቴም በዚያ በመስከረም መጨረሻ፣ ሽንፋ ከተማ አዳራሽ ውስጥ አፉን ይዞ ቢቀመጥ ማንም አይሞትበትም ነበር። ሰሊጡ አምሮለታል። ሁለት መቶ ሄክታሩ ከሥር ቢጫ ማለት ጀምሯል፣ አጫጁም ከጎጃምም ከወሎም በየመኪናው እየተጫነ እየገባለት ነው። ምን ጎደለው? ግን ተናገረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ናሁሰናይ የሚባል የወረዳው የአነስተኛ ንግድ ባለሙያ የሰሊጥ ባለሀብቶቹን ሰበሰበ። ቀጭን ነው፣ ለሚያምንበት ነገር ደግሞ ችክ ይላል። "በየዓመቱ ከድንበር ማዶ የሚገባ ማጭድ ትገዛላችሁ" አላቸው። "እዚሁ አፍንጫችሁ ሥር የብረት ሥራ ማኅበር አለ። ገንዘባችሁ ሽንፋ ውስጥ ቢዞር ለማን ይከፋል? እነሱ ሲሠሩ ከሰል የሚሸጠውም፣ ምግብ ቤቷም፣ ባለ ባጃጁም ይበላል።"

ከጎኑ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል። አንዷ የማኅበሩ ሊቀመንበር ውባንች ናት። ሠላሳ ዓመት ያለፋት፣ ክንዷን የእሳት ፍንጣሪ ነቀዝ እንደበላው እህል ያደረገው፣ ኮስታራ ሴት። ሌላው አባቷ አባ ቢሆነኝ ናቸው። ጥጋቸውን ይዘው፣ ከዘራቸው ላይ ሁለት እጃቸውን ደራርበዋል።

"ሦስት መቶ ማጭድ ሠርተን ጨርሰናል" አለች ውባንች ተነሥታ። "ከአሮጌ የጭነት መኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ ነው፣ ቆርቆሮ አይደለም። ገበያ አለላችሁ ስለተባልን ያለ የሌለ ጥሪታችንን ከሰልና ብረት ላይ አፍስሰነዋል። በዚህ አጨዳ ካልተሸጠ ማኅበሩ ፈረሰ ማለት ነው፣ እኛም ወደ መጣንበት ደጋ ተመላሾች ነን። ምን እደብቃችኋለሁ?"

አንድ ማጭድ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ባለሀብቶቹ ያገላብጡና ዐይናቸውን ወደ አገኘሁ ይልካሉ። ምክንያቱም እሱ በዚያ አገር አሥራ አራት ዓመት ከርሟል። ዝሩ ሲል ይዘራሉ፣ እጨዱ ሲል ያጭዳሉ፣ እሱ የገዛውን ትራክተር ሁሉም ይገዛል። የእርሻው ጎረቤት ካሌብማ እስክሪብቶውን ሳይቀር አውጥቷል፤ አገኘሁ ስንት እንደሚል ብቻ ነው የሚጠብቀው።

ማጭዱ ከአገኘሁ እጅ ደረሰ። ያን ጊዜ ነው ጉዱ የመጣው። ሳያስበው በአንድ ጣቱ አንጠለጠለው፣ ወደ ጆሮው አስጠጋና በጥፍሩ ጠቅ አደረገው። ብረቱ ጥርት ያለ፣ ረጅም ድምፅ ሰጠ። ግሎ ሲነከር ውሃውን በልኩ ጠጥቷል፤ አልከረረም፣ አልለዘበም። እንዲህ ያለ ድምፅ ከሰማ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ደስ አለው፤ እውነቱን እንናገር ከተባለ ዐይኑ እንባ ሊያቀርር ምንም አልቀረው።

ቀና ሲል አባ ቢሆነኝ እጁን እያዩ ነው።

ማጭዱን ፈጥኖ ጠረጴዛው ላይ ጣለው። ገበሬ ማጭድ የሚሞክረው ሣር ላይ ነው። በጆሮው የሚሞክር የቀጥቃጭ ልጅ ብቻ ነው። የአገኘሁ አባት ፈንቴ ደግሞ ከጭልጋ ወዲያ ባለች መንደር ቀጥቃጭ ነበር። አገሬው በፈንቴ ማረሻ እያረሰ፣ በፈንቴ ማጭድ እያጨደ ይበላል። የፈንቴ ልጅ በደጁ ሲያልፍ ግን ልጆቹን ወደ ጓዳ ያስገባል፣ በዐይኑ ይበላል ብሎ። አገኘሁ በአሥራ ስምንት ዓመቱ ያንን መንደር ጥሎ ወጣ። ቆላ ሲወርድ አባትህ ምንድን ነው ሲሉት "ገበሬ ነው" አለ። ለሚስቱም ያላት ይህንኑ ነው። አባቱ የሞተ ጊዜ እንኳ ለሠራተኞቹ "የትራክተር ዕቃ ልገዛ ጎንደር ደርሼ ልምጣ" ብሎ ነው ለተዝካሩ የሄደው። አቤት ሰው!

አሁን ሽማግሌው ሲያዩት ሌላውም ሰው ሁሉ ያየው መሰለው። የሚሸሽበት ሲያጣ አፉን ከፈተ።

"ማጭዱ ለዐይን ያምራል" አለ ጮክ ብሎ። "ግን የእኔ ሠራተኛ የደጋ ሰው ነው። የቀጥቃጭ እጅ ያረፈበት ነገር ይዞ እህል ውስጥ አይገባም። ዐይን ይፈራል። እኔስ ብሆን! የሰሊጤ ነገር ነው፣ ባልፈራ ነው የሚገርመው።" ብሎ ሳቀ።

አዳራሹም ሳቀ። ናሁሰናይ ፊቱ በርበሬ መሰለ። ውባንች መሬት መሬቱን አየች። አባ ቢሆነኝ ተነሡና ማጭዱን ከጠረጴዛው ላይ አንሥተው፣ በጨርቅ ጠቅልለው ብብታቸው ሥር ያዙት። ካሌብ እስክሪብቶውን ወደ ኪሱ መለሰ። አንድም ሰው አንድም ማጭድ ሳያዝዝ ስብሰባው ተበተነ።

ይህን ያለው እንግዲህ የቀጥቃጩ የፈንቴ ልጅ ነው። ኧረ ጉድ በሉ!

በሦስተኛው ቀን ከመተማ ዮሐንስ የተጫነ ማጭድ ከአገኘሁ እርሻ ገባ። ከማዶ የመጣ ነው፣ እጀታው ቀይ ፕላስቲክ፣ ብረቱ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ። የእርሻው ኃላፊ ወንድማገኝ ከመኪናው እያስወረደ ሳለ ውባንችና አባቷ በእግራቸው መጡ። ከዋናው መንገድ እስከ ካምፑ ያለውን ጥቁር ጭቃ ሲያቋርጡ ጫማቸው ሁለት ሁለት ኪሎ ሆኗል።

"ጋሽ አገኘሁ" አለች ውባንች፣ "የሰው ፊት ማየት እንደማልወድ ነጋሪ አያሻዎትም። ግን እርስዎ ሃምሳ ቢወስዱ ሌሎቹ ይከተላሉ። እርስዎ ስለተዉ ነው ሁሉም የተዉ። ዋጋም ቢሆን ዝቅ እናደርጋለን።"

"ገዛሁ እኮ፤ ይኸው እየወረደ ነው" አለ አገኘሁ ወደ መኪናው እያሳየ።

አባ ቢሆነኝ ጠጋ አሉ። "አባትዎ ደኅና ናቸው?" አሉት በለሆሳስ።

ወንድማገኝ ከአጠገባቸው ቆሞ ይሰማል። ሁለት አጫጆችም ጆሯቸውን አቁመዋል። "ሞቷል" አለ አገኘሁ። "ገበሬ ነበር።"

ሽማግሌው አላመኑም፣ አልካዱምም። ዐይን ዐይኑን አዩትና ወደ ወንድማገኝ ዞር አሉ። "ፈንቴን አውቃቸዋለሁ" አሉ ሁሉም እንዲሰማ አድርገው። "ጎበዝ ገበሬ ነበሩ። ሰባት ዓመት ከቤታቸው እንጀራ በልቻለሁ። ነፍሳቸውን ይማር።"

ሰባት ዓመት! ያን ጊዜ አወቃቸው። ከአባቱ ፊት ለፊት ቆሞ መዶሻ እየተቀባበለ ይቀጠቅጥ የነበረው ጎረምሳ፣ እሱን በትከሻው ተሸክሞ ወንዝ ያሻግረው የነበረው ቢሆነኝ! ያ ሰው አርጅቶ፣ ተሰድቦ፣ ከፊቱ ቆሞ፣ የእሱን ውሸት ይሸፍንለታል። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ጉልበታቸውን መሳም ነበረበት። "አባ ቢሆነኝ" ብሎ አንገታቸው ላይ መጠምጠም ነበረበት።

ምን አደረገ መሰላችሁ? "ወንድማገኝ" አለ፣ "ለአባ አንድ ጆንያ ማሽላ ስጣቸው።"

የውባንች ዐይን ፈጠጠ። "እኛ ለልመና አልመጣንም ጋሽ አገኘሁ" አለች። "ለገበያ ነው የመጣነው። የሚገዛን ካጣን ሠርተን በምንበላበት እንሄዳለን እንጂ ጆንያ ተሸክመን አንወጣም። ና አባዬ፣ እንሂድ።" አባትና ልጅ ያንኑ ጭቃ እየረገጡ ተመለሱ። አገኘሁ እስኪጠፉ ድረስ አያቸው፣ አልጠራቸውም።

አጨዳ ተጀመረ። ሰሊጥ መቼም ማንንም አይጠብቅም። ፍሬውን የያዘው ዛጎሉ ሊከፈት ሲል ካልታጨደ፣ ታስሮ ካልተከመረ፣ ፍሬው መሬት ላይ ነው የሚቀረው። ያ የሚያብረቀርቅ ማጭድ ደግሞ እስከ ረፋዱ ቆረጠ፣ ከቀትር በኋላ ዶለዶመ። በሁለተኛው ቀን አጫጁ ማጨዱን ትቶ መጎተት ጀመረ። አገዳው በተጎተተ ቁጥር ይንቀጠቀጣል፣ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ቀድሞ የደረሰው ዛጎል ይከፈትና ፍሬው ጠጠር እንደተበተነበት ቆርቆሮ ሾ ይላል። አገኘሁ በእግሩ መሬቱን ጫር ቢያደርገው ነጭ በነጭ ነው።

አንድ የጎጃም አጫጅ ማጭዱን ወደ ላይ አንሥቶ አሳየው። "አንቱ ጌታዬ፣ ይኼ ማጭድ ነው ማንኪያ? ሽንፋ ላይ ደኅና ቀጥቃጭ አለ ይላሉ፣ ከዚያ ቢያመጡልን ምናለ?"

"አትፈሩም?" አለ አገኘሁ።

"ምኑን?"

"የቀጥቃጭ እጅ የነካውን።"

አጫጆቹ እርስ በእርስ ተያዩና በሳቅ ፈረሱ። "ኧረ በሥላሴ!" አለ ጎጃሜው። "እኛ አገር ማጭድ ከሰማይ ይወርዳል መሰለዎ? ቀጥቃጭ ያልሠራው ማጭድ ይዤ የማውቀው ዘንድሮ እርስዎ ዘንድ ነው፤ እሱም ይኸው ጉድ ሠራኝ!"

አገኘሁ ፊቱን ወደ ማሳው አዞረ። ሠራተኞቹ አይፈሩም፤ ፈሪው እሱ ብቻ ነው። ይህን ሊክደው ሞከረ፣ አልሆነለትም።

ታዲያ አሁንስ ልብ ይገዛ ይሆን ትላላችሁ። አልገዛም! ወንድማገኝን ለብቻው ጠራውና "ሽንፋ ሂድ፣ መቶ ማጭድ ገዝተህ ና። ለማን እንደሆነ ግን እንዳትናገር" አለው። ወንድማገኝ ፊቱን አጨፈገገ፤ ሆኖም ሄደ። ከሰዓት በኋላ ባዶ እጁን ተመለሰ።

"አልሸጥም አለች" አለ።

"ዋጋ አልጨመርክላትም?"

"ብጨምርላትም አልሸጥም አለች። 'ለማን ነው?' ብላ ጠየቀችኝ፤ 'ለአንድ ባለሀብት ነው' አልኳት። 'ተደብቆ የሚገዛኝ ሰው አልፈልግም' አለችኝ። 'መቶውን ሸጬ ሁለት መቶውን ማን ይገዛኛል? የሚመጣውን ዓመትስ? ስሜን ያጠፋው በአደባባይ ነው፣ በጓሮ በር ገንዘብ ቢልክልኝ ሥራዬ አይቆምልኝም' አለች። የሚገዛው ማን እንደሆነ ሳታውቅ የቀረች አይመስለኝም።" ወንድማገኝ ይህንንም ጨመረ፦ "ዕቃቸውን እያሰሩ ነው። እስከ ቅዳሜ ገበያ ነው የሚቆዩት። ለሰኞ መኪና ተከራይተዋል።"

አገኘሁ ከዚያ ተነሣ። ሁለት ቀን ብቻውን በማሳው ሲዞር ከረመ። ሰሊጡ ይረግፋል፣ እሱ የሚያየው ግን በጭቃ የሚሄዱ ሁለት ሰዎችን ነው። ማኅበሩን ያፈረሰው ድርቅ አይደለም፣ ጎርፍ አይደለም፤ የእሱ አንዲት ቀልድ ናት። ለዚያውም በገዛ አባቱ ያላገጠበት ቀልድ። ባሰበው ቁጥር ጆሮው ድረስ ይግላል።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሽንፋ ገባ። የማኅበሩ ቤት ከገበያው ዳር ያለ የቆርቆሮ ዳስ ነው። ደጁ ላይ ሰው ይተራመሳል፤ አጫጆች በየግላቸው ዶማና ማጭድ ሊያሠሩ መጥተዋል። ካሌብም አለ። የእሱም ማጭድ ዶልዱሞበት ኖሮ ከዳሱ ጥግ ቆሞ፣ ልግባ ልቅር እያለ ያመነታል። አገኘሁን ሲያይ አንገቱን አዞረ። ናሁሰናይ ደግሞ ከውባንች ጋር ቆሞ፣ እንዳይሄዱ እየለመናት ነበር።

አገኘሁ ሲመጣ ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ባርኔጣውን አወለቀ፣ መልሶ አጠለቀ። ይህን ያዩት አባ ቢሆነኝ ከእሳቱ አጠገብ ብድግ አሉ። "ይግቡ ይግቡ!" አሉ ፈገግ ብለው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። "የጎበዝ ገበሬ ልጅ! ቦታ ልቀቁላቸው።"

አሁንም በሩን ከፍተውለታል። "እግዜር ይስጥልኝ" ብሎ ማጭዱን ጭኖ መሄድ ይችል ነበር። ማንም ምንም አይለውም። ግን ያ ደግነታቸው ከስድብ ይልቅ አንገበገበው።

"ይተዉ አባ" አለ። "ስለ እኔ አይዋሹ። አባቴ ገበሬ አልነበረም። ቀጥቃጭ ነበር። እኔ ወናፍ እየነፋሁ ነው ያደግሁት። እኚህ ሰው ከአባቴ ጋር ሰባት ዓመት ቀጥቅጠዋል፤ እኔን አዝለዋል። እኔ ግን አዳራሽ ቆሜ ሰደብኳቸው። ማጭዱ ጥሩ ነው፤ ያን ቀንም ጥሩ እንደሆነ አውቄያለሁ። የዋሸሁት አፍሬ ነው።"

አገኘሁ ጩኸት ጠብቆ ነበር፣ ስድብ ጠብቆ ነበር፣ የሚሸሸውንም ሰው ጠብቆ ነበር። ካሌብ ግን ከጥጉ ወጥቶ ቀረበ።

"እናውቃለን እኮ" አለ።

"ምኑን?"

"የአባትህን ነገር። ሁላችንም እናውቃለን፣ ስንት ዓመታችን! አንተ ካልነገርከን ምን አገባን ብለን ነው። የዚያን ዕለት አዳራሽ ውስጥ ግን... ምን ልበልህ፣ ሰው የሚሆነውን ሲያጣ ይስቃል። እኔም ሳቅሁ፣ እስክሪብቶዬንም መለስኩ። እኔም አፍሬያለሁ።"

ከሁሉ ያልሰማችው ውባንች ብቻ ነበረች። ወደ አባቷ ዞረች። "አባዬ፣ ታውቅ ነበር?"

አባ ቢሆነኝ አንገታቸውን ደፉ።

"ታውቅ ነበር! እና እኔን በዚያ ጭቃ ወስደህ በገዛ ወገናችን ፊት አስለመንከኝ? ማሽላ ሲያዝልን ዝም አልክ?" ወደ አገኘሁ ዞረች። "ስንት ነው የሚፈልጉት?"

"መቶ ሃምሳ። ይቅርታ..."

"ማጭዱን እሸጥልዎታለሁ። ለማንም በምሸጥበት ዋጋ ነው፣ አልጨምርብዎትም፣ አልቀንስልዎትም። ይቅርታውን ከአባቴ ጋር ይነጋገሩ። ከእኔ ዛሬ የለም።" ይህን ብላ ማጭዱን እየቆጠረች ማውጣት ጀመረች። ካሌብ "ለእኔም ሰማንያ" አለ። ከወደ ኋላ ሌላ ባለሀብት "ኧረ ለእኔም አስቀሪልኝ!" ብሎ ጮኸ። ናሁሰናይ በደስታ የሚይዝ የሚጨብጠውን አጣ፤ ወዲያው ስልኩን አውጥቶ የሰኞውን መኪና ሊያስቀር ደወለ።

አገኘሁ ደስ ሊለው ይገባ ነበር። ግን አንድ ጥያቄ አልለቀቀውም። ካሌብን ክንዱን ይዞ ወደ ዳር ወሰደው። "ማን ነው የነገራችሁ?" አለው።

ካሌብ አመነታ። "ይቅርብህ።"

"ንገረኝ።"

"አባትህ ናቸው" አለ ካሌብ። "ከመሞታቸው በፊት ባለው ዓመት መጥተው ነበር። ሊጠይቁህ። ከእኔ ካምፕ ደርሰው፣ እዚያ ለነበርነው ሁሉ ቀጥቃጭ መሆናቸውን ነግረው ያንተን እርሻ አሳዩኝ አሉ። ከጉብታው ላይ ሆነው ትራክተሩን፣ ክምሩን፣ አንተን ራስህን ከሩቅ አዩህ። ከዚያ 'ልጄ ስለ እኔ ምን ይላል?' አሉኝ። ምን ልዋሽ? 'አባቴ ገበሬ ነው ይላል' አልኳቸው። ሳቅ አሉና 'ቢል አልተሳሳተም፣ ጓሮዬ ውስጥ ትንሽ ጌሾ አለችኝ' አሉ። በማግስቱ ወደ አገራቸው ተመለሱ። 'መምጣቴን አትንገሩት፣ በሰው ፊት ይሳቀቃል' ብለው አስምለውን ነው የሄዱት።"

አገኘሁ ከዳሱ ግድግዳ ሥር፣ የከሰል ብናኝ ላይ፣ ባለበት ቁጭ አለ። ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፋ። ገበያተኛው ሁሉ እያየው አለቀሰ። አባ ቢሆነኝ መጥተው ከጎኑ ተቀመጡ። "በቃ ልጄ፣ በቃህ" ይሉታል፤ እሱ ግን ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም። ወንድማገኝ ማጭዱን ጭኖ ሲጨርስ መጣና "ጋሼ እንሂድ፣ አጫጆቹ እየጠበቁ ነው" አለው።

"አንተ ሂድ" አለ አገኘሁ ከባርኔጣው ሥር።